ጓሳን 400 ዓመት ያቆየው ቱሪስት አይደለም፤ ሣሩ ነው

ያቺን ዓይነት ቪዲዮ ሳታዩ አትቀሩም። ጉም የለበሰ ሜዳ፣ ሣር የሚነጭ የጭላዳ መንጋ፣ ከመሐላቸው ደግሞ ቀስ ብሎ የሚራመድ ቀይ ቀበሮ። ከሥሩ "ኢትዮጵያ ውብ ናት" ተብሎ ተጽፏል። ላይክ አድርገን እናልፋለን።

ዛሬ ግን ሳናልፍ አንድ ነገር እንጠይቅ። ያ ሣር እስካሁን እንዴት ተረፈ?

ካሜራው የማያሳየን ሰው አለ። ከሜዳው ማዶ ገብስ የሚያርስ፣ በግ የሚያረባ ገበሬ። በጋ ሲመጣ በጎቹ ይርባቸዋል፤ ሣሩ ደግሞ እዚያው አጠገቡ ነው። ታዲያ ለምን አላስጋጠውም? የተፈጥሮ ጥበቃና "ኢኮ ቱሪዝም" የሚባለው ነገር ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ነው። መልሱን ለማግኘት መንዝ ድረስ እንሂድ።

📌 ቦታው የት ነው?

ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ደብረ ብርሃንን ካለፋችሁ በኋላ፣ ጣርማ በር ላይ የደሴውን መንገድ ትታችሁ ወደ ግራ ወደ መሐል ሜዳ ትታጠፋላችሁ። ጓሳ እዚህ መንገድ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስፋቱ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሲሆን ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ብርዱ ቀላል አይደለም፤ ጃኬት ሳትይዙ እንዳትሞክሩት።

ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ጓሳ ማለት ረጅም፣ ጠንካራ፣ በቁጥቋጦ መልክ የሚበቅል የደጋ ሣር ነው። ለመንዝ ሰው ይህ ሣር ጌጥ አይደለም። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ዝናብ የሚከላከል ገሳ ይሠራበታል። ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ የከብት መኖ ነው። እዚያው ሜዳ ላይ ጨረንፌ የሚባል ቁጥቋጦ ይበቅላል፤ እሱ ደግሞ ማገዶ ነው።

ሌላም አለ። ጓሳ በአባይና በአዋሽ ተፋሰሶች መለያ ላይ ያለ ከፍታ ነው። ሣሩና ረግረጉ ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ በቀስ ይለቀዋል። ከዚያ የሚነሱት ጅረቶች ገሚሶቹ ወደ አባይ፣ ገሚሶቹ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። እናም ጓሳን አይተን የማናውቅ ሰዎች እንኳ ከጓሳ ጋር ጉዳይ አለን ማለት ነው።

📌 ቀበሮውና ጭላዳው

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም አይገኝም። ለአካለ መጠን የደረሱት ቁጥራቸው በሙሉ ተደምሮ ከ500 በታች ነው። ልብ በሉ፤ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ያህል እንኳ አይሆኑም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። የቀሩት ሰሜንን ጨምሮ በተለያዩ ከፍተኛ ቦታዎች ተበታትነው ይኖራሉ፤ ጓሳ ከነዚህ አንዱ ነው።

ምግቡ በዋናነት የደጋ አይጥ ነው። አይጦቹ የሚኖሩት ሣሩ ውስጥ ነው። ሣሩ ከጠፋ አይጡ ይጠፋል፤ አይጡ ከጠፋ ቀበሮው ይጠፋል። ሒሳቡ ይኸው ነው።

ጓሳ ውስጥ ጭላዳዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ የሚገርም ነገር አሳትመዋል። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል። ብቻውን ሲሆን ግን 25 ብቻ። ቀበሮው የጭላዳ ግልገሎችን አይነካም፣ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። በመንጋው መሐል ሲንቀሳቀስ አይጦቹ ሳያስተውሉት ይቀራሉ ተብሎ ይገመታል። ጭላዳ ራሱ ኑሮው በአብዛኛው በሣር ላይ የተመሠረተ፣ ከዝንጀሮ ወገኖች ሁሉ የተለየ ፍጡር ነው።

እንግዲህ ሁሉም መንገድ ወደ ሣሩ ይመለሳል። ጥያቄው ሣሩን ማን ጠበቀው የሚለው ነው።

📌 ቄሮ፦ ፓርክ ከመባሉ በፊት የነበረው ሕግ

በቅርብ ዓመታት በዜና ከሰማነው "ቄሮ" ጋር እንዳይምታታባችሁ። የመንዝ ቄሮ የሣር ሕግ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገርለታል፤ 400 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ጓሳን የመጠቀም መብት የነበራቸው የአካባቢው የጥንት አባቶች የአስቦና የጌራ ዘር ነን የሚሉ፣ በአጽመ ርስት መብታቸው የታወቀ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች "አባ ቄራ" የሚባል ኃላፊ ይመርጣሉ። አባ ቄራው ሣሩን እያየ "ይዘጋ" ወይም "ይከፈት" ይላል። አንዳንዴ ሜዳው ለተከታታይ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዝግ ሆኖ ይቆያል። ያኔ ማጨድ የለም፤ ከብት ማስገባት የለም፤ ማገዶ መልቀም የለም።

ሣሩ ደርሷል ሲባል በበጋው መሐል ይከፈታል። ሕዝቡ ማጭዱን ይዞ ይወጣል፣ ያጭዳል፤ ከዚያ ከብቱ ይገባል። ክረምቱ ሲገባ፣ በሐምሌ መጀመሪያ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት ሰሞን፣ እንደገና ይዘጋል። ቀኑ ከቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ጋር የተያያዘ ስለሆነ "አልሰማሁም" የሚባል ሰበብ አይሠራም።

ሕጉን የጣሰስ? ቅጣቱ ቀልድ አልነበረም። በተዘጋበት ወቅት በታጨደ ሣር ጎጆውን የከደነ ሰው ቤቱ ሊቃጠልበት ይችል ነበር። ዛሬ እንዲህ ይደረግ የሚል የለም፤ እኛም አንልም። ግን አንድ ነገር ይነግረናል፦ ሰዎቹ ሣሩን እንደ ባንክ ገንዘብ ያዩት ነበር። የጋራ ሒሳብ ነው። አንዱ ሰርቆ ካወጣ ሁሉም ይከስራል።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ገበሬዎች "ብዝኃ ሕይወት" ብለው አልተነሱም። ቀይ ቀበሮን ለማዳንም አይደለም። የቤታቸውን ክዳንና የከብታቸውን መኖ ሲጠብቁ፣ ቀበሮውም ጭላዳውም አይጡም አብሮ ተጠበቀ። ጥበቃው የኑሯቸው አካል ስለነበር ዘበኛ የሚከፍልላቸው ሰው አላስፈለጋቸውም።

ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ ነበር ማለት ግን አይደለም። መብቱ በዘር ሐረግ የተያዘ ነበርና ከዚያ ሐረግ ውጭ የሆነ ሰው ዳር ቆሞ ተመልካች ነው። ይህም ነገር በኋላ ዋጋ አስከፍሏል።

📌 1967 ዓ.ም፦ ባለቤቱ የጠፋበት ጊዜ

አብዮቱ ፈነዳ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ወጣ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ ነጻነት ነበር። ጓሳ ላይ ግን ሌላ ያልታሰበ ውጤት አመጣ። አጽመ ርስት ሲቀር፣ በእሱ ላይ የቆመው የቄሮ ሥርዓትም አብሮ ወደቀ። የአባ ቄራ ሥልጣን አበቃ።

ቀድሞ ዳር የቆመው ሰው አሁን መብት አገኘ፤ ተገቢም ነው። ችግሩ አሮጌው ሕግ ሲፈርስ አዲስ ሕግ በቦታው አለመተካቱ ነው። "የሁሉም ነው" የተባለ ነገር "የማንም አይደለም" ወደሚል ተለወጠ። ዛሬ እኔ ካላስጋጥኩ ነገ ጎረቤቴ ያስጋጠዋል ብሎ የሚያስብ ሰው ሣሩ እስኪደርስ አይጠብቅም። ግጦሹ በዛ፣ እርሻውም ወደ ሜዳው መጠጋት ጀመረ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ስለ ጓሳ ባልጻፍን ነበር። የጓሳን ዙሪያ የሚያዋስኑት ቀበሌዎች ሰዎች ሜዳው ሲራቆት አዩ፤ ተሰባሰቡ፤ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ አዲስ መተዳደሪያ ደንብ አወጡ። በዚህኛው ዙር መብቱ በዘር ሐረግ ሳይሆን በነዋሪነት ሆነ። የውጭ የጥበቃ ድርጅቶች ድጋፍ ታከለበት። ወደ 2000 ዓ.ም ገደማ ደግሞ በአማራ ክልል ሕጋዊ ዕውቅና ያለው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። ጠባቂዎቹም ከዚያው ማኅበረሰብ የወጡ ናቸው።

📌 ቱሪስቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው

አሁን ወደ ኢኮ ቱሪዝም እንምጣ። ቃሉ ከባድ ቢመስልም ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ተፈጥሮን ሳትጎዳ ጎብኝ፤ የምትከፍለው ገንዘብ ለቦታው ጥበቃና ለአካባቢው ሰው ይድረስ። ሁለተኛው ግማሽ ከሌለ ኢኮ የሚባል ነገር የለም፤ ተራ ሽርሽር ነው።

ጓሳ ላይ የማኅበረሰቡ የሆነ ሎጅ አለ። አስጎብኚው የአካባቢው ልጅ ነው፤ ፈረስ ወይም በቅሎ የሚያከራየው የአካባቢው ሰው ነው። የመንዝን በግ ጸጉር ፈትለው ባና የሚሠሩ እጆችም አሉ። ይህ ገንዘብ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ግን ከብቱን ከሜዳው ላስቀረው ሰው "ሣሩ ሳይታጨድም ዋጋ አለው" የሚል መልእክት ያደርሳል።

ችግሩ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ እዚያ አለመድረሱ ነው። እስቲ በምሳሌ እንየው። ሦስት ጓደኛሞች ለቅዳሜና እሑድ ጉዞ ከፈሉ እንበል። መኪናው ከአዲስ አበባ፣ ነዳጁ ከአዲስ አበባ፣ ውኃውና ብስኩቱ ከአዲስ አበባ ሱፐር ማርኬት፣ አስጎብኚው ከአዲስ አበባ። ቦታው ላይ ድንኳን ተከሉ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ተመለሱ። በጎቹን ያላሰማራው ገበሬ ምን አገኘ? የፕላስቲክ ጠርሙስ! እንዲህ ከሆነ ቀበሮው ለእሱ በግልገል በጎቹ ላይ ስጋት የሚጥል አውሬ ብቻ ነው።

📌 ሰሜን ተራሮች ምን ያስተምሩናል?

ለማነጻጸር ወደ ሰሜን እንውጣ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው፤ ላሊበላም የተመዘገበው ያኔ ነው። ዋልያ የሚገኘው በዓለም ላይ እዚያ ብቻ ነው።

የሰሜኑ መንገድ ከጓሳ ይለያል። ፓርኩ በመንግሥት የተከለለ ሲሆን፣ ክልሉ ሲሰመር ሰው ይኖርበት ነበር፤ ያርስበትም ነበር። በደርግ ዘመን የተወሰኑ መንደሮች ነዋሪዎች በኃይል ተነስተዋል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከመዝገቡ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከዚያ በፊት በፓርኩ መሐል የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል።

በሌላ በኩል ሰሜን ላይ ቱሪዝሙ ብዙ ሰው አቅፎ ነበር። ደባርቅ ላይ ስካውቱ፣ አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩ፣ በቅሎ አከራዩ በተራ በተራ ሥራ የሚያገኝበት አሠራር አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ፓርኩ ውስጥ እሳት ሲነሳ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ደግሞ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው አግዘዋል። ከእነሱ በፊት ግን ቅጠል ይዞ እሳቱ ውስጥ የገባው የአካባቢው ሰውና ስካውቱ ነበር። ጎረቤት ከቦታው ጋር ሲተሳሰር ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

📌 ቱሪስቱ ሲቀርስ?

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ መጣ፤ አውሮፕላኑ ቆመ። እፎይ ሳንል ጦርነት ተከተለ፤ በ2021 ወደ ሰሜን ጎንደርም ወደ ሰሜን ሸዋም ደረሰ። ከ2023 ነሐሴ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ በዛ። ጎብኚ ጠፋ። በቅሎ አከራዩ በቅሎውን ይዞ ተቀመጠ።

አሁን ቅድም ወዳነሳነው ገበሬ እንመለስ። ሣሩን የጠበቀው ለቱሪስት ብሩ ብቻ ከሆነ፣ ቱሪስቱ በቀረበት ዓመት ሣሩን የሚጠብቅበት ምክንያት ምንድን ነው? ምንም! ጥበቃን በቱሪዝም ላይ ብቻ ማቆም በአንድ እግር በርጩማ ላይ እንደመቀመጥ ነው። ሰላም እስካለ ትቀመጣለህ፤ ትንሽ ነፋስ ሲመጣ ትወድቃለህ።

የጓሳ ትምህርት ይኼ ነው። ጓሳ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት የቆመው በሌሎቹ እግሮች ነው፦ የቤት ክዳን፣ መኖ፣ ማገዶ፣ የውኃ ምንጭ፣ ራሳቸው ያወጡት ደንብ። ቱሪዝም ተጨማሪ እግር ነው፤ ሲኖር ደስ ይላል፣ ኑሮ ያሻሽላል፣ ልጅ ያስተምራል። ሲቀር ግን ሜዳውን ይዞ መውደቅ የለበትም። ስለዚህ አንድ ቦታ "ጥብቅ ነው" ተብሎ ሰው ሁሉ ከሣሩ፣ ከማገዶውና ከምንጩ ከተቆረጠ በኋላ "ቱሪስት ይካስሃል" የሚባለው ነገር አያስኬድም። መጀመሪያ ሕዝቡ ከቦታው በደንብ እየተጠቀመ፣ በደንቡ እየገዛው ይኑር፤ ቱሪስቱ ከዚያ ይምጣ።

📌 እኛ ምን እናድርግ?

ብዙዎቻችሁ "ሰላም ሲሆን እንሄዳለን" እያላችሁ ነው። እኛም። ያ ቀን ሲመጣ እነዚህን ያዙ፦

👉 ገንዘቡ የት እንደሚገባ ጠይቁ። ጉዞ የሚያዘጋጅላችሁን ሰው "የአካባቢው አስጎብኚ አለ? ማደሪያው የማን ነው? የመግቢያው ክፍያ ለማን ነው?" በሉት። ሦስቱንም መመለስ ካልቻለ "ኢኮ" የሚለው ቃል ፖስተር ላይ ብቻ ነው።

👉 የምትበሉትን እዚያው ግዙ። የገብስ ቆሎው፣ እንቁላሉ፣ ባናው ሁሉ እዚያ አለ። መቶ ብር እዚያ ስትወጣ የምትሠራው ሥራ አዲስ አበባ ከምትሠራው ይለያል።

👉 ጭላዳ አትመግቡ። ብስኩት የለመደ ጭላዳ ነገ የገበሬውን ማሳ ይዳፈራል፤ ከዚያ ጠላትነት ይጀመራል።

👉 ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ። ይኼ ቀልድ አይደለም። የቀይ ቀበሮ ትልቁ ገዳይ ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ባሌ ላይ በተደጋጋሚ ተነስቶ፣ በተከሰተባቸው አካባቢዎች ከአራት ቀበሮ ሦስቱን እስከመግደል ደርሷል። ለዚህም ነው ባለሙያዎች በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ የገጠር ውሾችን የሚከትቡት። ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ ደግሞ ውሻችሁን አስከትቡ፤ ለቀበሮውም ለልጆቻችሁም ነው።

👉 የቀበሮ ጉድጓድ ካያችሁ ትክክለኛ ቦታውን በሎኬሽን አትፖስቱ። ፎቶው ይበቃል።

👉 መሄድ ካልቻላችሁ ቢያንስ ስታወሩ ሰዎቹን አትርሱ። ቪዲዮውን ሼር ስታደርጉ "ውብ ናት" ከማለት አልፋችሁ "ይህን ሣር የመንዝ ገበሬ ጠብቆ ያቆየው ነው" ብላችሁ ጻፉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ግን ባለቤቱን ይጠራል።

ኢትዮጵያ ከ6,000 በላይ የዕጽዋት ዝርያ ያላት አገር ናት፤ ከአሥሩ አንዱ ያህል ሌላ የትም የለም። ሁሉንም በዘበኛና በአጥር መጠበቅ አይቻልም። በቱሪስት ዶላር ብቻም አይቻልም። የሚቻለው የመንዝ ሰዎች እንዳደረጉት ነው፦ አጠገቡ ያለው ሰው "የኔ ነው፣ ነገም ያስፈልገኛል" ሲል።

እናንተስ? በናንተ አካባቢ ሽማግሌዎች በደንብ ያቆዩት ደን፣ ምንጭ ወይም የግጦሽ መሬት አለ? ሕጉ ምን ነበር፣ ዛሬስ ማን ይጠብቀዋል? አያቶቻችሁን ጠይቁና ጻፉልን። ከናንተ የምንሰማውን ይዘን እንመለስበታለን። 🌿